ልጅ ሲሰደድ ባሕር ዛፍ ይተከላል

በአዲስ አበባ ለሚኖሩ የቢቸናና የሞጣ አካባቢ ተወላጆችና ለሌሎች አድማጮች የቀረበ የሕዝብ ትምህርት ንግግር

ለዛሬው ምሽት ስጠራ «የሰው ልጅ በምድር ላይ ስላደረሰው ነገር ተናገርልን» ነው የተባልኩት። ይህን በሙሉ የሚያውቅ ሰው እዚህ ካለ መድረኩን አሁኑኑ ልልቀቅለት። እኔ የማውቀው ሁለት ቦታ ብቻ ነው። አንዱ የተወለድኩበት ቢቸና ነው፤ ሁለተኛው አሥራ አራት ዓመት የኖርኩበት የዋሽንግተን ዳርቻ። በሁለቱ መካከል በስልክ ተንጠልጥዬ ያየሁትን ነው የምነግራችሁ።

ከአንድ ስልክ ልጀምር። የምሠራው ሌሊት ነበር፤ ከሕንፃ ሥር ባለ የመኪና ማቆሚያ ውስጥ ጠባብ ዳስ ላይ ተቀምጬ ትኬት እቀበላለሁ። እዚያ አገር የኖራችሁ ሥራውን ታውቁታላችሁ፤ ስንቶቻችን በእርሱ በር ገብተናል። እኩለ ሌሊት ሲሆን መኪናው ሁሉ ወጥቶ ያልቃል፤ የጭሱ ሽታ ግን ግድግዳው ላይ ይቀራል። በዚያ ሰዓት ቢቸና ነግቷል፤ እናቴ እሳት አያይዛለች። ያን ቀን ከሥራ በፊት አንድ ዘጋቢ ፊልም አይቼ ሆዴ ተረብሾ ነበር፦ በረዶ ሲናድ፣ ባሕር ሲሞቅ፣ ጫካ ሲነድ። ከሰላምታው ቀጥዬ «እማዬ፣ ኩበት ማንደዱን ብትተይው እኮ ጥሩ ነበር። ለአፈሩም ለአየሩም ጎጂ ነው» አልኳት።

ትንሽ ዝም አለች። ጢሱ ያስላት ነበር።

«እሺ ልጄ» አለች። «በምን ልጋግር?»

መልስ አልነበረኝም። ሂሳቤ እያለቀ ነው ብዬ ስልኩን ዘጋሁት፤ ሂሳብ ነበረኝ።

ስለ ኩበት ጥቂት ልቆይ፤ ገጠር ያልኖራችሁ ታገሡኝ። ከላም ሥር ትኩሱ የሚነሣው እበት ይባላል። ከገለባ ጋር ታሽቶ፣ በመዳፍ ተጠፍጥፎ፣ ግድግዳ ላይ ተለጥፎ ሲደርቅ ኩበት ነው። ያው እበት ከአመድና ከጉድፍ ጋር በጓሮ ተከምሮ፣ በስብሶ ወደ ማሳ ሲወጣ ደግሞ ፍግ ይባላል። ሦስቱ ስሞች የአንድ ነገር ሦስት ዕጣዎች ናቸው። በእናቴ ግቢ በየማለዳው የሚቆረጠው ትልቁ ውሳኔም ይኸው ነው፦ ከበረቱ የተዛቀው ወደ ምድጃ ይሂድ ወይስ ወደ ማሳ? ማገዶ እንጨት ካለ ፍግ ይሆናል፤ ከሌለ ኩበት። ወደ ምድጃ የሄደው ማሳውን ያስርበዋል። የተራበ ማሳ የፋብሪካ ማዳበሪያ ይጠይቃል። የደጋው ጎጃም አፈር ብዙ ቦታ አሲዳማ ስለሆነ ደግሞ ኖራ ካልተበተነበት ማዳበሪያውም በሚገባ አይሠራም። ማዳበሪያው በዶላር ተገዝቶ ከባሕር ማዶ ይመጣል፤ ስለዚህ ገንዘብ የሚልክ ልጅ ያስፈልጋል። ስደት ከበረት ይጀምራል ብል ሳላጋንን አልቀርም፤ ብዙ ግን አልራቅኩም።

አሁን ወደ ውጭው ኑሮ። የምኖርበት ሕንፃ ሦስት የቆሻሻ ማጠራቀሚያ ነበረው፦ ለወረቀት፣ ለጠርሙስና ፕላስቲክ፣ ለቀረው። መጀመሪያ ሰሞን የወተት ካርቶን ይዤ ቆሜ ይህ ነገር ወረቀት ነው ፕላስቲክ ስል አመሽ ነበር። እያደር ለመድኩት፤ ከልምድም አልፎ ኩራት ሆነኝ። ሰው ሲሳሳት ካየሁ ዜማ እንደተሰበረበት መሪጌታ ፊቴ ይቀየራል። ይህንን ለእናቴ በስልክ ስነግራት «ጎሽ» አለችና ጠየቀች፦ «ከለያችሁት በኋላስ ወዴት ይወስዱታል?»

ይህንንም አላውቅም ነበር። ነገሩ የወጣው እ.ኤ.አ. በ2018 መግቢያ ላይ፣ ቻይና የሰው አገር የፕላስቲክ ቆሻሻ ከእንግዲህ አልቀበልም ስትል ነው። እኛ በጥንቃቄ የለየነው ፕላስቲክ ትልቅ ክፍሉ በመርከብ ተጭኖ ወደ እስያ ይሄድ ኖሯል። የእናቴ ጥያቄ የገበሬ ጥያቄ ነው። ገበሬ የጣለው ነገር የት እንደሚያርፍ ያያል፤ ከግቢው አይርቅማ።

ፈረንጆቹ የሚጨነቁት በውሸት ነው እያልኩ አይደለም። ጎረቤቴ አንዲት አሮጊት ነበረች፤ ለልጅ ልጆቿ እያሰበች እንቅልፍ የምታጣ፣ ሥጋ መብላት ለምድር ስትል የተወች። ረቡዕና ዓርብ፣ ሁዳዴና ፍልሰታ፣ ከዓመቱ ግማሽ ያህሉን ከሥጋና ከወተት የሚታቀብ ሕዝብ ልጅ መሆኔን ስነግራት ዓይኗ ፈጠጠ። እኛ የምንጾመው ለምድር ብለን እንዳልሆነ፣ በፋሲካም ምን እንደምናደርግ አልነገርኳትም። አንዳንድ ክብር ሲሰጥህ መቀበል ነው።

ጭንቀቱ እውነት ነው። ክብደቱ ግን ሌላ ቦታ ነው ያለው። አንድ አሜሪካዊ ከድንጋይ ከሰል፣ ከነዳጅና ከጋዝ በዓመት የሚያወጣው ካርቦን ዳይኦክሳይድ በአማካይ 14 ቶን ገደማ ነው። የአንድ ኢትዮጵያዊ ድርሻ 0.15 ቶን አካባቢ ነው፤ ይህ የከብቱንና የእርሻውን ጋዝ ሳይጨምር ነው። አንዱ የዘጠና ሰው ያህል ይመዝናል ማለት ነው። እርግጥ የመኪና ማቆሚያ ሠራተኛ በአማካዩ አይለካም፤ እኔ መኪና የገዛሁት በአምስተኛው ዓመት ነው። ሆኖም ለፋሲካ ከዋሽንግተን አዲስ አበባ ደርሼ ስመለስ ለእኔ ወንበር ብቻ ከአንድ ቶን በላይ ይቃጠላል፤ በአማካዩ የአንድ ኢትዮጵያዊ የስድስትና የሰባት ዓመት ድርሻ መሆኑ ነው። በዚያ ወንበር ላይ የሚቀመጠው ሰው ነው እንግዲህ ኩበት አታንድጂ ያላት። ኩበቱ የሚያወጣው ጋዝ ላሟ ትናንት የበላችው ሣር ነው፤ እኔ የምበርበት ነዳጅ ግን ሚሊዮኖች ዓመት ከምድር በታች ተቀብሮ የኖረ ነው።

እንጀራችን ራሱ ይበራል። ኢትዮጵያ ጤፍ በእህልነቱ ወደ ውጭ እንዳይላክ ስለከለከለች የተጋገረው እንጀራ በአውሮፕላን ዋሽንግተን ይደርሳል፤ ቀሪው እዚያው አይዳሆ በተባለው ክፍለ ግዛት ከ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. ጀምሮ ከሚመረት ጤፍ ይጋገራል። የቢቸናን ነጭ ጤፍ ለሚያውቅ ምላስ ሁለቱም ስደተኛ ናቸው። እኔ ሁለቱንም በልቻለሁ፤ አላማርርም።

ወደ አገር ቤት እንሻገር። በ1950 ዓ.ም. ግድም ሁለት የማይተዋወቁ መለኪያዎች ሥራ ጀመሩ። ቻርልስ ኪሊንግ የተባለ አሜሪካዊ እ.ኤ.አ. በ1958 ሐዋይ ውስጥ ማውና ሎዋ ተራራ ላይ ወጥቶ በአየር ውስጥ ያለውን ካርቦን ዳይኦክሳይድ መለካት ያዘ። ያን ጊዜ ከሚሊዮን እጅ 315 ገደማ ነበር፤ ዛሬ 420ን አልፏል። በዚያው ሰሞን፣ እ.ኤ.አ. በ1957፣ አንድ አውሮፕላን በጎጃም ሰማይ እየተመላለሰ መሬቱን ፎቶግራፍ አነሣ። ከታች የነበረው አራሽ ምናልባት ቀና ብሎ አይቶት በሬውን «ሃ!» ብሎ ቀጥሎ ይሆናል።

ያን ፎቶግራፍ ከአርባ ዓመት በኋላ የዘረጋው ተመራማሪው ጌቴ ዘለቀ ነው። በስዊዘርላንዱ የበርን ዩኒቨርሲቲ በኩል ከሐንስ ኹርኒ ጋር ሲሠራ፣ ከጮቄ ተራራ ማዶ ያለውን የደምበጫን አካባቢ ከዓመት ዓመት እያስተያየ መረመረ። የተፈጥሮ ደኑ እ.ኤ.አ. በ1957 ከመሬቱ 27 በመቶ ይሸፍን ነበር። በ1982 2 በመቶ ሆነ። በ1995 0.3 በመቶ። ይህንን ሳነብ መጀመሪያ የተሰማኝ እፍረት ነው፤ ምክንያቱም አሜሪካኖቹ አላጠፉትም፤ እኛው ነን፤ ለማሳ ብለን፣ ለምድጃ ብለን።

በመንገዴ አንድ ነገር ላንሣ። «ኢትዮጵያ ከመቶ ዓመት በፊት 40 በመቶ ደን ነበረች» የሚለውን ስንቶቻችሁ ሰምታችኋል? ሁላችሁም። የታሪክ ተመራማሪው ጄምስ ማካን እንዳሳየው ይህ ቁጥር ማን እንደለካው አይታወቅም፤ አንዱ ከሌላው እየገለበጠ ነው የኖረው። ደጋው ቀድሞም የእርሻና የግጦሽ አገር ነው። እኔ ቁጥር ስወድ የለካው ሰው ያለውን ነው። 27 ባለቤት አለው፤ 40 የለውም።

ሌላም የለካ አለ። የጂኦግራፊው ምሁር ወልደአምላክ በውቀት በኔዘርላንድ ዋገኒንገን ለዶክትሬቱ የመረጠው የደብረ ማርቆሱን የጨሞጋ ወንዝ ተፋሰስ ነው። እዚያ ያገኘው ነገር ከደምበጫው ጋር የሚጣላ ይመስላል፦ ከ1957 እስከ 1998 እ.ኤ.አ. ዛፍ የለበሰው መሬት እንዲያውም ትንሽ ጨምሯል። የጨመረው ገበሬው የተከለው ባሕር ዛፍ ነው። የበጋው ውሃ ግን ቀንሷል። ለዚህ የግጦሹ መራቆት፣ ተዳፋቱ መታረሱና ባሕር ዛፉ ራሱም እጃቸው አለበት። እንግዲህ ከአውሮፕላን ሲታይ አረንጓዴ፣ ከወንዙ ዳር ሲታይ ደረቅ። ከጮቄ የሚነሡትን ወንዞች፣ ሙጋን፣ ሱሃን፣ ጨሞጋን፣ ጀደብን በመጋቢትና በሚያዝያ የተሻገረ ሰው ይህን ለማወቅ ዶክትሬት አያስፈልገውም።

እዚህ ላይ ነው ሞጣ ያለው አጎቴ የሚመጣው።

አጎቴ አራሽ ነበር፤ ጎበዝ አራሽ። ሦስት ወንዶች ልጆች አሉት። ታላቁ ሁመራ ሰሊጥ አጨዳ ወርዶ ከዚያው ሱዳን ተሻገረ። መካከለኛው እዚህ አዲስ አበባ ግንባታ ላይ ነው፤ ዛሬ አዳራሹ ውስጥ ሳይኖር አይቀርም። ታናሹ ዓረብ አገር ነው። እኔ የእህቱ ልጅ አሜሪካ። ጉልበቱ ሲከዳው በሬዎቹን ሸጠና ከመንገድ ዳር ያለውን የጤፍ ማሳውን ባሕር ዛፍ ተከለበት። በእረፍት ሄጄ ሳየው ዘጋቢ ፊልሙ ተነሣብኝ። «ጋሼ፣ እንዴት የጤፍ መሬት?» አልኩት።

በጣቱ ቆጠረልኝ። ጤፍ ማሳው አራት አምስት ጊዜ ይታረሳል፤ ይለሰልሳል፤ ይዘራል። ይታረማል፤ አረሙ ወገብ ይቆርጣል። ይታጨዳል፣ ይከመራል፣ ይወቃል። ማዳበሪያው በዕዳ ነው። ባሕር ዛፍ ግን አንድ ክረምት ተተክሎ፣ አንድ ሁለት ዓመት ከታረመ፣ ተኝተህ ያድግልሃል። ከአምስት ስድስት ዓመት በኋላ ነጋዴው ራሱ መጋዙን ይዞ ይመጣል፤ አጣናውን ቆጥሮ ብሩን ቆጥሮ ይሄዳል። ጉቶው ደግሞ እንደገና ያቆጠቁጣል።

«ልጅ የሌለው ሰው ይህን ይተክላል» አለኝ። «ልጅ እያለው ልጅ የሌለው።»

የዛሬውን ርእስ ከእርሱ ነው የወሰድኩት። በየጉባኤው ባሕር ዛፍ ሲረገም እሰማለሁ፤ ውሃ ይመጥጣል፣ ከሥሩ ሣር አያበቅልም፣ በወሰን ላይ ከተተከለ የጎረቤትን ማሳ ያከሳል ይባላል። ሁሉም እውነት ነው፤ በወሰን ባሕር ዛፍ የተነሣ ስንት ሽማግሌ ተቀምጧል። ነገር ግን ዛፉን ማን ተከለው ሲባል መልሱ በከፊል እኛ የሄድነው ነን። እጁ ከቤት ሲጠፋ ማሳው እጅ የማይፈልግ ሰብል ይፈልጋል። ስሙም ነግሮናል፦ ባሕር ዛፍ፣ ባሕር ተሻግሮ የመጣ። ከአውስትራልያ ተነሥቶ በምኒልክ ዘመን እዚህ አዲስ አበባ ገባ። ያን ጊዜ ማገዶ ከማለቁ የተነሣ ዋና ከተማው ወደ አዲስ ዓለም ሊዛወር ተቃርቦ ነበር፤ ይህች ከተማ ሳትነቀል የቀረችው አንድም በዚህ ስደተኛ ዛፍ ነው። የቀረውን የሀገር በቀል ዛፍ ከመጥረቢያ ያተረፈውም እርሱ ነው። ባሕር ዛፍ ባይኖር ኖሮ የሞጣ ጊዮርጊስ ጽድና ወይራ ላይ ዓይን አይጣልም ነበር ብሎ የሚምል ካለ ይማል።

አሁን የራሴን ኃጢአት ልናዘዝ።

በስድስተኛው ዓመት ለእናቴ ቤት ልሥራ ብዬ ተነሣሁ። ያለችበት የጭቃ ቤት ነው፤ አባቴ በጤፍ ጭድ ያቦካው ጭቃ፣ ቆርቆሮው በኋላ የመጣ። «የውጭ አገር ልጅ እያላት» ይባላል አይደል? እኔም ጆሮዬ ላይ ደረሰ። ብር ላክሁ፤ ታናሽ ወንድሜ ሥራውን ያዘው። በየሳምንቱ ፎቶ ይልክልኛል። አንዱ አሁንም ዓይኔ ላይ ነው፦ ግቢው ውስጥ አጣና ተከምሯል፣ ከጎኑ የአሸዋ ክምር፣ በክምሩ ጫፍ ላይ አንዲት ፍየል ቆማ ወደ ካሜራው ታያለች። ስንት አጣና ነው አልኩት፤ ለጣራውና ለመወጣጫው ሦስት መቶ ገደማ አለኝ። አሸዋውስ? ከወንዝ ዳር። ድንጋዩስ? ከማሳ ጥግ ተፈልጦ። ሲሚንቶው የዓባይን በረሃ ወርዶ፣ ደጀን ወጥቶ የመጣ ነው። ምናልባት አጣናው ከአጎቴ ማሳ የተቆረጠ ይሆናል፤ አልጠየቅሁም። እኔ የላክሁት ዶላር፣ በእኔ መሄድ የተተከለውን ዛፍ ገዛው ማለት ነው።

ከአራት ዓመት በኋላ፣ በኮሮና ወረርሽኝ የተነሣ መኪና ማቆሚያው ባዶ በሆነበት ሰሞን፣ ዳሱ ውስጥ ሆኜ አንድ ነገር አነበብኩ። እስራኤል ያለው የዋይዝማን ተቋም ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2020 መጨረሻ ባወጡት ስሌት፣ ሰው የሠራው ነገር ሁሉ፣ ኮንክሪቱ፣ ጠጠሩ፣ ጡቡ፣ አስፋልቱ፣ ብረቱ፣ ተደምሮ ወደ 1.1 ትሪሊዮን ቶን ደርሷል፤ በምድር ላይ ካለው ሕይወት ያለው ነገር ሁሉ፣ ከዛፉም ከእንስሳውም፣ ደረቅ ክብደት ጋር እኩል ሆኖ ሊያልፈው ነው። ከአናቴ በላይ አሥር ፎቅ ኮንክሪት ነበር። የሚዛኑ አንድ ጠጠር ደግሞ ቢቸና ነው፤ ፍየሏ የቆመችበት።

ልብ በሉ፤ አንድ የወተት ካርቶን የት ልጣል ብዬ አምስት ደቂቃ የቆምኩ ሰው፣ ለዚያ ቤት ግን አንድም ጥያቄ ሳልጠይቅ ነው ብሩን የላክሁት። ውጭ አገር ሳለሁ ስለ ምድር ብዙ ስብሰባ ተቀምጫለሁ፤ «ወደ አገር ቤት የምትልከው ገንዘብ ምን ይቆርጣል፣ ምን ይተክላል?» ያለኝ ግን የለም። ለእኛ ለተሰደድነው ግን በምድር ላይ ትልቁ እጃችን ይኸ ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪው ለገበያ ሲለቀቅ 57 ብር የነበረው ዶላር በጥቂት ቀን መቶን አለፈ። ያው መቶ ዶላር ቢቸና ሲደርስ እጁ ረዘመ፤ አጣናውም አብሮ ተወደደ እንጂ።

የሩቅ ሰው እጅ ካልኩ ሰባራ ድልድይን ሳላነሣ ማለፍ አይሆንልኝም፤ የሞጣ ልጆች ይቀየሙኛል። በፋሲል ዘመን ዓባይ ላይ የተሠራው ድልድይ በጣሊያን ጊዜ መካከሉ ተሰብሮ ቀረ። ከዚያ ወዲህ ሰው ወደ ጎንደር ማዶ የሚሻገረው ወገቡ በገመድ ታስሮ፣ ከዚህም ከዚያም ጎበዞች እየጎተቱት በሰባራው ላይ ነበር። አንድ አሜሪካዊ ይህን በመጽሔት ላይ በፎቶ አይቶ መጣና እ.ኤ.አ. በ2002 ስብራቱ በብረት ተገጠመ። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ጎርፍ ወሰደው። ቀጥሎ የተሠራው ከፍ ብሎ በገመድ የተንጠለጠለ ድልድይ ነው። ከመነሻው ከፍ ያላደረጉት ለምንድን ነው ብዬ ስጠይቅ አንድ የሞጣ ሽማግሌ ሳቁብኝ፦ «ውሃውን በበጋ አይተውት ነዋ።» ውጭ ሆነን ስለ አገር ቤት ስንጨነቅ ብዙዎቻችን ያን ወንዝ በበጋ ነው የምናስታውሰው።

ወደ «በምን ልጋግር?» ልመለስ። ቤቱ ካለቀ በኋላ ነው ማጀቱ ትዝ ያለኝ፤ ቅደም ተከተሉ እንዲህ ነበር። የኢትዮጵያ ቤት ማገዶ ብዙው የሚያልቀው በእንጀራ ነው። ሦስት ጉልቻ ላይ ምጣድ ሲጣድ እሳቱ በየጎኑ ያመልጣል፤ አብዛኛው የሚያሞቀው አየሩን ነው። ምርጥ የሚባለው ምድጃ በሲሚንቶና በቀላል ድንጋይ ተቀርጾ ምጣዱን ዙሪያውን ስለሚይዘው ማገዶውን በግማሽ ያህል ይቀንሳል ተብሎ ነው የተሠራው። ዋጋው ከአጣናው ጋር ሲተያይ እዚህ ግባ አይባልም። ጉልቻ ቢለዋወጥ ወጥ አያጣፍጥም ይባላል፤ እንጀራውን ካልነካ እኔ የምፈልገው እበቱን ነው።

ብር ላክሁ፤ ተገዛ። እናቴ ሁለት ሳምንት ሞከረችውና ተመልሳ ጉልቻዋ ላይ ተቀመጠች። ተቆጣሁ። ምክንያቷን ስትነግረኝ እንደ አጎቴ በጣቷ ቆጠረች። እሳቱ ተሸፍኗል፤ የቢቸና ብርድ በሐምሌ ቀላል ነው እንዴ? እንጨቱ ተፈልጦ መቅጠን አለበት፤ ማን ይፈልጣል? ምጣዷ፣ ያሟሸችው፣ አሥራ አምስት ዓመት የጋገረችበት፣ ከአፉ ይሰፋል። ይህንን ምድጃ የሠራው ሰው በምጣድ ላይ ተቀምጦ አያውቅም አለች። ስለዚህ እንደገና ተሠራ፤ አፉ በምጣዷ ልክ ተቀርጾ፣ ጉልቻው ለማሞቂያና ለወጥ በጎኑ ቀርቶ። የጎረቤት ልጅ ቅዳሜ ቅዳሜ መጥቶ እንዲፈልጥ በወር የምልከው አለ። ከላክሁት ዶላር ሁሉ ምድር ላይ ይጠቅማል ብዬ የምተማመንበት ለዚያ ለፈላጩ ልጅ የምልከው ነው።

«ለምን ኤሌክትሪክ ምጣድ አትገዛላትም?» የምትሉ አላችሁ፤ ገዝቻለሁ። ምጣዱ ከሦስት ኪሎ ዋት በላይ ይስባል፤ ሲሰካ የሰፈሩ አምፖል ይጨፈግጋል፤ መብራቱ ደግሞ በመጋገሪያዋ ቀን ይጠፋል። ታላቁ የህዳሴ ግድብ በ2017 ዓ.ም. ጳጉሜ ላይ በ5,150 ሜጋ ዋት ተመርቋል፤ እልል ብያለሁ። ነገር ግን ያው የበርኑ ኹርኒ ከሠላሳ ዓመት በፊት እንዳሰላው ከታረሰ የኢትዮጵያ ደጋ በአማካይ በየዓመቱ ከአንድ ሄክታር 42 ቶን አፈር ይታጠባል፤ የሱሃም የሙጋም ጎርፍ መጨረሻው ዓባይ ነው። የእናቴ አፈር ግድቡ ያለበት ጉባ ደርሷል። የጉባ መብራት ገና እናቴ ማጀት በቅጡ አልደረሰም። ግድቡን ከደለል የሚጠብቀው እርከንና ፍግ የሚሠራው እዚያ ማሳ ላይ ነው፤ ፍጉ እንዲተርፍ ምጣዱ በመብራት መጋገር አለበት። የትኛው ይቅደም ብላችሁ ብትጠይቁኝ መብራቱ እላለሁ። ገበሬው ድርሻውን ቀድሞ ልኳልና።

ባለፉት ዓመታት በክልሉ በደረሰው ጦርነት መንገዱ እንደልብ የሚኬድበት ስላልሆነ ወደ አገሬ ተጠቃልዬ ከገባሁ ወዲህ እንኳ ቢቸናን ያየሁት አንድ ጊዜ ነው። ማለዳ ደረስኩ። ማጀቱ ውስጥ ጢስ አለ፣ የቀድሞው ያህል ግን አይደለም። በግድግዳው ላይ ኩበት ተለጥፏል፤ ቆጠርኩት፤ ከግማሽ በታች ሆኗል። የቀረው እበት ወዴት እንደሄደ ጓሮ ወስዳ አሳየችኝ፤ ጎመኑ ጉልበቴ ደርሷል። ኤሌክትሪክ ምጣዱ ላይ ሰፌድና ሙዳይ ተደርድሯል።

እኔ የሠራሁት የብሎኬት ቤት በሩ ተቆልፎ ነበር። ቁልፉን ከመቀነቷ ፈትታ ሰጠችኝ። ስከፍተው ከወለል እስከ መስኮት በጆንያ ጤፍ ሞልቶታል፤ አልጋዋ የለም። አሁንም የምታድረው አባቴ ባቦካው ጭቃ ቤት ነው።

«ይበርዳል» አለችኝ። «ለጤፉ ግን ተስማምቶታል። አይነቅዝም።»